ዘፋኙን ባሕር የወሰደበት ባንድ

ሃልጌር ያደገው ሰው በሌለበት ነው። አባቱ የባሕር መብራት ጠባቂ ነበር፤ መብራቱ የቆመው ከእኛ ደሴት ከቬርሆልም በስተምዕራብ፣ ዛፍ ቀርቶ ቁጥቋጦ እንኳ በማይበቅልበት አንድ ድንጋይ ላይ ነው። እናቱ እሱ ገና ድክ ድክ ሲል በሳንባ በሽታ ሞተች። አባትዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው። ስለዚህ ልጁ የሰው ድምፅ የሚሰማው ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ከተቀመጠችው ራዲዮ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ባሕር ላይ ሆነው ሲጠራሩ፣ ሲሳደቡ፣ ስለ አየሩ ሲያማርሩ ያዳምጣል። ድምፁ ጠፍቶ ጭርርር የሚለው ብቻ ሲቀር እንኳ አያጠፋትም ነበር።

ለትምህርት ሲደርስ ሳምንቱን እኛ ቤት እያደረ እንዲማር ተደረገ። አንድ ጣሪያ ሥር አደግን ማለት ይቻላል። እናቴ ዓሣና ድንች እያቀረበች፣ «ኤይቪን፣ ይሄ ጓደኛህ ምላሱን መብራቱ ጋ ረስቶት ነው እንዴ የመጣው?» ትለኝ ነበር። እሱ ፈገግ ይላል፤ ይበላል፤ ሳህኑን ያጥባል። መልሱ ያ ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ አድጎ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በመናገር እንጀራውን የሚበላ ሰው! ትሮምሶ ከተማ ሄዶ የራዲዮ ሙያ ተማረና ኮረብታው ላይ ባለው፣ ከጀልባዎች ጋር በሚነጋገረው የጠረፍ ራዲዮ ጣቢያ ተቀጠረ። መንገድ ላይ ቢያገኙት ሁለት ቃል የማይወጣው ሰው፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ሌላ ሰው ይሆናል። ድምፁ ረጋ ያለ፣ ሞቅ ያለ ነው። «ቬርሆልም ራዲዮ እየሰማችሁ ነው» ሲል፣ ማዕበል የሚያንገላታው ሰው እንኳ ትንፋሹ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ የባሕሩን ሞገድ የምትይዝ ራዲዮ አለች። ሚስቶች ድንች እየላጡ ባሎቻቸው የት እንደደረሱ የሚያውቁት ከዚያ ነው። እንግዲህ ከሃልጌር ጋር አውርተው የማያውቁ፣ ሲስቅ አይተውት የማያውቁ ሴቶች ሁሉ በድምፁ ያውቁታል። እሱ ግን ፈረቃውን ጨርሶ ሲወርድ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋቸዋል።

ባንዱን የመሠረትነው አራት ሆነን ነው። ሃልጌር ጊታርና ኦርጋን፤ እኔ ቤዝ ጊታር፤ ኦስቫል ድራም፤ ማግኖር ደግሞ ዘፋኝ። እኔ ወደብ ላይ የመርከብ ገመድ ተቀባይ ነኝ፤ ኦስቫል የዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ቢላዋ ይዞ ዓሣ ሲገፍፍ የሚውል ለፍላፊ፤ ማግኖር ዓሣ አጥማጅ። ስማችንን «ስኮዳ» አልነው። በእኛ አካባቢ አነጋገር ስኮዳ ማለት ከባሕር ተነሥቶ ደሴቱን የሚውጠው ጉም ነው። የደቡብ ሰዎች ግን ስኮዳ የምትባለዋ መኪና ትመስላቸውና «መለዋወጫ አላችሁ?» እያሉ ያሾፉብን ነበር።

የምንለማመደው የዓሣ ጉበት ዘይት ይፈላበት የነበረ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ዘይት ማፍላቱ ከቆመ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ሽታው ከእንጨቱ አልወጣም። ልብሳችን፣ ጊታራችን፣ ጸጉራችን ሁሉ የጉበት ዘይት ይሸታል። ኦስቫል፣ «ሴት ላግኝ ብለህ ባንድ ውስጥ ገብተህ ድመት ብቻ የምትከተልህ እኛን ነው የማውቀው» ይል ነበር።

ሃልጌር ከድሮ የቴፕ ማጫወቻዎች የገደል ማሚቶ ማሽን ሠርቶ ነበር። የቴፑ ክር ከአንዱ ማሽን ተነሥቶ፣ በወንበር እግር ዞሮ፣ ሌላው ውስጥ ይገባል። አንዲት ኖታ ቢመታ ኖታዋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። ማግኖር ይህን አይወድም።

«ሃልጌር፣ በናትህ ይሄን ማሽን አጥፋልኝ! አንዴ የዘፈንኩትን አሥሬ እየመለሰ ያሳጣኛል።»

«አሥሬ ቢመልሰው ምን አለበት?» ይላል ኦስቫል ከድራሙ ኋላ። «ምናልባት ባሥረኛው ዜማውን ታገኘው ይሆናል።»

«አንተ ዓሣህን ግፈፍ!»

ሃልጌር ሳይናገር ይስቅና ድምፁን ይቀንሳል። ማግኖር ሲዘፍን ግን ሁላችንም ማሾፋችንን እንተዋለን። ትከሻው በር የሚሞላ፣ ጉንጩ ባሕር ያቀላው፣ ሲስቅ ቤት የሚያናውጥ ሰው ነበር። የፍቅር ዘፈን ሲዘፍን ዓይኑን አይጨፍንም፤ የሚያፈቅራትን እያየ ነው የሚዘፍነው።

የሚያፈቅራት ዮሩን ትባላለች። የፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሷ ስለት። ቅዳሜ ቅዳሜ በመንደሩ አዳራሽ ስንጫወት ማግኖር ዘፈኑን ጨርሶ ከመድረክ ይወርድና ከእሷ ጋር ይደንሳል። እኛ ሙዚቃውን እንቀጥላለን። ሃልጌር ሲጫወት ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ አይቻለሁ። አንድ ቀን እቃ ስንጭን፣ «አንተስ አንድ ቀን አትደንስም?» አልኩት።

«ጊታሩን ማን ይይዘዋል?» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። የልቡን ልቡ ያውቀዋል።

ማግኖር ሊያገባት ሲል ጀልባ ገዛና ስሟን ዮሩን አላት። እኛ ዘንድ ያለ ነው፤ ወደቡ ላይ የቆመ ሰው የሚስቶቻችንን ስም በቀለም ተጽፎ፣ ተሰልፎ ያየዋል። እንግዲህ ባሕር ላይ የሚጠራው ስም የጀልባው ስም ስለሆነ፣ ያ እንደ በሬ የሚያገሣ ድምፅ በራዲዮ፣ «ቬርሆልም ራዲዮ፣ ቬርሆልም ራዲዮ፣ ዮሩን ነኝ!» ሲል በየወጥ ቤቱ ያሉት ሴቶች በሳቅ ይፈርሳሉ። ሃልጌርም ረጋ ብሎ፣ «ዮሩን፣ ቬርሆልም ራዲዮ ነው፤ እንዴት ዋልሽ?» ይለዋል። ያ ብቻ ነበር በሥራ ላይ የሚቀልዳት ቀልድ።

ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ ለመራባት ወደ ዳርቻው በሚጎርፍበት በየካቲት ወር ነው ነገሩ የሆነው። ጠዋት አየሩ ጥሩ ነበር። ከቀትር በኋላ ከሰሜን ምዕራብ በረዶ ቀላቅሎ የመጣው ነፋስ ግን ማንንም አላስጠነቀቀም። ወደብ ላይ ቆሜ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ ገመድ እቀበላለሁ። የማግኖር አልመጣችም። የነፍስ አድኗ ጀልባ ሞተሯን አስነሥታ ስትወጣ ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ እሷን ማስወጣት የሚችለው የሃልጌር ጥሪ ብቻ ነውና።

ወደ ኮረብታው ሮጥኩ። ጣቢያው ስደርስ ሃልጌር ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ተጭኖ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ተቀምጧል። የማግኖር ምልክት በጣም ስለደከመ በየቤቱ ያሉት ትንንሽ ራዲዮዎች አልያዙትም። የያዘው የጣቢያው ትልቅ ምሰሶ ብቻ ነው፤ የሰማውም ማዳመጫውን ያደረገው አንድ ሰው። ተረኛው ሊተካው መጥቶ ትከሻውን ቢነካው አልተነሣም። «ዮሩን፣ ዮሩን፣ ቬርሆልም ራዲዮ እየጠራሽ ነው» ይላል፤ ያዳምጣል፤ ደግሞ ይላል። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። 

ዮሩን የመጣችው የፋብሪካውን ነጭ ካፖርት እንደለበሰች፣ በረዶው ትከሻዋ ላይ እንደተቆለለ ነው።

«ምን አለ?» አለችው።

ሃልጌር ማዳመጫውን አወረደ። «ሞተሩ ቆሟል አለ። ያለበትን ቦታ ነገረኝ። ነፍስ አድን ወጥቷል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጠፋ።»

«ሌላ ምንም አላለም?»

ሃልጌር አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ራሱን ወደ ጠረጴዛው ደፍቶ ማዳመጫውን መልሶ አደረገ።

ሳምንት ሙሉ ተፈለገ። የተገኘው አንድ የመረብ ተንሳፋፊና የጀልባዋ መክደኛ እንጨት ነው። ያለ ሬሳ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገ። ሰው ሁሉ ሃልጌር አንድ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ጠርጥሯል፤ ግን የራዲዮ ሰው የሰማውን ላያወራ ቃለ መሐላ ስላለበት ማንም አላስጨነቀውም። ዮሩንም ዳግመኛ አልጠየቀችውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ እሱ ነው መንገድ የሚለቀው።

መኸር ላይ ኦስቫል ሰበሰበን። ያ አሮጌ ቤት ከየካቲት ወዲህ አልተከፈተም ነበር። የማግኖር ማይክ እንደቆመ ነው።

«እንግዲህ ወይ እንፍረስ፣ ወይ ዘፋኝ እንፈልግ» አለ ኦስቫል። «የፋብሪካው ጸሐፊ ጥሩ ድምፅ አለው። መልኩ ድንች ቢመስልም...»

«ዘፋኝ አንፈልግም» አለ ሃልጌር።

«ታዲያ አንተ ልትዘፍን ነው? ከተወለድህ የተናገርኸውን ብንሰበስበው አንድ ዘፈን አይወጣውም እኮ!»

ሃልጌር ማይኩን ከመሐል አንሥቶ ጥግ አቆመው፤ ማሽኖቹን አበራ፤ የቴፑን ክር በወንበሩ እግር አዞረ። አንድ ኖታ መታ። ሄደች፤ ተመለሰች። ደግሞ አንድ። እኔ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ከታች አንዱን ድምፅ ብቻ ይዤ እንደ ሞተር መምታት ጀመርኩ። ኦስቫል መጀመሪያ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር፤ በኋላ ሳያስበው እግሩ ገባ፤ ቀጥሎ ዱላዎቹን አነሣ። ጊታሩ አንዴ እንደ ነፋስ፣ አንዴ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ይሆናል፤ ግን ቃል የለውም። ኦርጋኑን በክርኑ ተጭኖት ስለነበር አንድ ረጅም ድምፅ ከሥር አልቋረጥ አለ። ስንት ሰዓት እንደተጫወትን አላውቅም። ያቆምነው የቴፑ ክር ስለተበጠሰ ነው።

ኦስቫል ፊቱን በእጀታው ጠረገ። «በዚህ ሽታ ዓይኔ እያለቀሰ ነው» አለ። ማንም አላሾፈበትም።

ከዚያ ወዲያ ስኮዳ ቃል ያለው ዘፈን ተጫውቶ አያውቅም።

መንደሩ ግን ወዲያው አልለመደውም። በመጀመሪያው ቅዳሜ በአዳራሹ ስንጫወት ሰው ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣና ቡናማ አይቡን ይዞ፣ ዘፈኑ አሁን ይጀምራል አሁን ይጀምራል እያለ ጠበቀ። ጠበቀ። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጣ ካፒቴን ከኋላ ተነሥቶ፣ «ልጆች፣ ወይ ዝፈኑ ወይ መልሕቅ ጣሉ! ወዴት እንደምንሄድ እንኳ አልነገራችሁንም!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዮሩን በር አጠገብ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም። ኮቷን ደርባ ወጣች። ሃልጌር ሲያያት አየሁት፤ እጁ ግን አላቆመም።

የትሮምሶ ተማሪዎች ናቸው የወደዱን። እነሱ ወለል ላይ ጋደም ብለው፣ ጣሪያውን እያዩ ነው የሚሰሙት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሙዚቃ በስዊድንም በዴንማርክም ይጫወቱት ነበር፤ ስፔስ ሮክ ይሉታል፤ የጠፈር ሮክ ማለት ነው፤ ሰውን ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚያጓጉዝ ዓይነት። አንድ ጸጉሩን እስከ ወገቡ ያስረዘመ ልጅ ለተማሪዎች ራዲዮ ሃልጌርን ሊጠይቀው መጣ።

«ይሄ የመጨረሻው ረጅም ሥራችሁ ስለ የትኛው ፕላኔት ነው?»

ሃልጌር አሰበ። «ስለ ቬስትፊዮርድ ነው» አለ።

«እሱ ደግሞ የማን ጨረቃ ነው?»

«የእኛ ባሕር ነው» አለ ሃልጌር። ልጁ የቀልድ መሰለውና በሳቅ ሞተ።

አንድ ሸክላ አሳተምን። ሽፋኑ ላይ ስማችንን አልጻፍንም፤ ጉም ብቻ ነው። ጥቂት ተሸጠ። ከሩቅ አገር ሁሉ የሚወዱት ሰዎች እንዳሉ በኋላ ሰማን፤ ሃልጌር ግን ስለዚያ ሲነገረው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለዋል። ሁለተኛ ሸክላ እንድናሳትም ሲጠይቁን፣ «ገና አላለቀም» አለ። ያላለቀው የቱ እንደሆነ አልገባኝም። ያንኑ አንዱን ረጅም ሥራ ነበር በየቅዳሜው ከሰዓት የምንጫወተው፤ በየጊዜው እየተለወጠ፣ እየተዘረጋ።

ዓመታት እንዲሁ ሄዱ። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ። ኦስቫል አገባ፣ ተፋታ፣ ያችኑ ሴት መልሶ አገባ። ሃልጌር ከጣቢያው በታች ያለች ትንሽ ቤት ገዝቶ ብቻውን ኖረ። ገና በዓል ሲሆን ባለቤቴ ትጠራዋለች፤ ይመጣል፤ ለልጆቹ ራሱ የሠራቸውን ትንንሽ ራዲዮዎች ያመጣል፤ ከምግቡ በኋላ ሳህኑን ያጥባል፤ ሰው ሳያየው ኮቱን ለብሶ ይሄዳል። በእኛ ክረምት ፀሐይ ጨርሶ በማትወጣባቸው ሳምንታት፣ በእኩለ ቀኑ ጨለማ ውስጥ፣ የቤቱ መስኮት ውስጥ አንዲት መብራት ትታያለች። አንድ ወንበር፣ አንድ ስኒ። ልጆቼ ሲያልፉ እጃቸውን ያወዛውዙለታል፤ እሱም ያወዛውዛል። ዮሩንም ሌላ ባል አላገባችም። ልጇን አሳደገች፤ የመንደሩን ሱቅ ያዘች። ሃልጌር ዳቦና ቡና ከእሷ ይገዛል። «ሌላ?» ትለዋለች። «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» ይላታል። ለዓመታት የተነጋገሩት ያ ነበር።

በኋላ ጣቢያው ሊዘጋ ሆነ። ሥራው ሁሉ ወደ ከተማ ሄደ፤ የአየሩንም ሁኔታ ማሽን ሊያነበው ነው። በመጨረሻው ቀን ተረኛው ሃልጌር ነበር። ከቀትር በኋላ፣ «ለሁሉም ጀልባዎች፣ ይህ ቬርሆልም ራዲዮ ነው። ከአሁን በኋላ አትሰሙንም። ስላዳመጣችሁ አመሰግናለሁ። ደኅና ግቡ» አለ። ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆመን ነበር የሰማነው።  ከዚያ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ፤ እያንዳንዷ ስሟን እየጠራች፣ «ሰምተናል፣ ተባረክ» እያለች። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔም ለዓይኔ ማሳበቢያ ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሰዓት ስንለማመድ በሩ ተከፈተ። ዮሩን ናት። ከማግኖር ወዲህ ያንን ቤት ረግጣው አታውቅም። ጸጉሯ ሸብቷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። ኦስቫል ዱላዎቹን አስቀመጠ።

«ከእንግዲህ የራዲዮ ሰው አይደለህም» አለችው ሃልጌርን፤ ሰላምታም አልሰጠችም። «መሐላህም አልቋል። ማግኖር መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

እኔና ኦስቫል ለመውጣት ተነሣን። «ተቀመጡ!» አለች። «እናንተም ጓደኞቹ ናችሁ።»

ሃልጌር ጊታሩን ከአንገቱ አወረደ። 

«ሞተሩ ከቆመ በኋላ የመናገሪያውን ቁልፍ አልለቀቀውም» አለ። «ተጭኖት ይዞታል። ነፋሱን እሰማለሁ፤ ውኃውን እሰማለሁ፤ እሱ ሲተነፍስ እሰማለሁ። ለረጅም ጊዜ። እሱ እስካልለቀቀው ድረስ እኔ ብናገር አይሰማም። ምንም ልለው አልቻልኩም። ከዚያ በመጨረሻ...»

«በመጨረሻ?»

«‹ዮሩን› አለ። አንዴ። ከዚያ ጠፋ።»

ዮሩን በሩን ያዘች።

«ስሜን ጠራ?»

«አላውቅም» አለ ሃልጌር። «እሱን ነው የማላውቀው። ጀልባዋም ዮሩን ናት። በሥራ ሕግ የሚጠራው እሷን ነው። ምናልባት ጥሪ ሊጀምር ይሆናል። ምናልባት አንቺን ይሆናል። አንቺን ጠርቷል ብልሽ ውሸት ቢሆንስ? ጀልባዋን ነው ብልሽስ? ስንት ዓመት ደጋግሜ በጆሮዬ ሰማሁት። መለየት አልቻልኩም።»

 እኔ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ፊቷ ቀላ።

«አንተ ደደብ!» አለችው። «አንተ የመብራት ጠባቂ ልጅ! ጀልባዋን በማን ስም የጠራት መስሎህ ነው? ከገበያ የገዛው ስም ነው? እሷንም ቢጠራ እኔን ነው፤ እኔንም ቢጠራ እኔን ነው! ልጄ ‹አባቴ መጨረሻ ላይ ምን አለ?› ስትለኝ ‹ምንም› እያልኩ አሳደግኋት። ስሜን ደብቀህ ያዝህብኝ! የራሴን ስም!»

በሩን ወርውራው ወጣች። ሃልጌር እንደቆመ ነው። ኦስቫል ቀስ ብሎ፣ «ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ይሄን ቤት አላየም» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱ ቀልድ አልነበረም።

ያን ክረምት ሃልጌር ዳቦ የሚገዛው በእኔ በኩል ሆነ። ዮሩን፣ «ያ ሰውዬ አለ?» ትለኛለች። «አለ» እላታለሁ። «መብላት አልተወም?» «አልተወም።» ዳቦውን ጥቅልል አድርጋ ትሰጠኛለች። አንዳንዴ ያልጠየቅሁትን በጭስ የደረቀ ዓሣ ትጨምርበታለች፤ ዓይኗን ግን ወደ እኔ አታነሣም።

በረዶው ሲቀልጥ አንድ እሑድ ራሷ ሄደች። እንዴት እንደተነጋገሩ አላውቅም። ብቻ ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አብረው ዳርቻውን ሲሄዱ ይታያሉ፤ እሷ እያወራች፣ እሱ እጁን ኋላው አጣምሮ። መንደሩ የወሬ ሥራ አገኘ። ኦስቫል፣ «ለሠርጉ የምንጫወተው ያንን ረጅሙን ከሆነ ሙሽራዋ አርጅታ ነው የሚያልቀው» ይል ጀመር። እኔም በልቤ ተስፋ አደረግሁ።

አንድ ቅዳሜ ዮሩን የጉበት ዘይቱ ቤት መጥታ፣ አሮጌ በርሜል ላይ ተቀምጣ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችው። ስንጨርስ እጆቿን አየች።

«ረጅም ነው» አለች።

«ያን ቀንም ረጅም ነበር» አላት ሃልጌር።

ራሷን ነቀነቀች።  ሃልጌር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሥራ እንድንጫወተው ጠይቆን አያውቅም። አዳዲስ፣ አጠር ያሉ ነገሮች ማምጣት ጀመረ፤ አንዱማ ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ኦስቫል «አሁን ይሄ ይጨፈርበታል!» አለ። አልተጨፈረበትም።

የዮሩን ልጅ ደቡብ ባለችው ስታቫንገር ከተማ አግብታ ነበርና መንታ ወለደች። ዮሩን ልታግዛት ሄደች። ለበጋው ብቻ ነው የተባለው። በመኸር ተመልሳ ሱቋን ሸጠች። ፈጣኗ የመንገደኛ ጀልባ ስትመጣ ገመዱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አየሁ። ሃልጌር ሻንጣዋን ተሸክሞላት መጣ። መሰላሉ ላይ ቆማ፣ «እንግዲህ» አለችው። እሱም «እንግዲህ» አለ። ትንሽ ቆመች። አንድ ነገር እንዲል የምትጠብቅ መሰለኝ፤ ወይም እኔ ነኝ የጠበቅሁት። ሻንጣውን ሰጣት። ጀልባዋ ስትሄድ እጁን አላወዛወዘም፤ ከኋላዋ የተወችው ነጭ አረፋ እስኪጠፋ ቆሞ አየ።

«ለምን ቅሪ አላልካትም?» አልኩት፤ ተናድጄ ነበር።

«መሄድ ፈልጋለች።»

«ጠይቀሃታል?»

«ፊቷን አየሁት፣ ኤይቪን። ልጆቹን እያሰበች ነበር። ደስ ብሏት ነበር።» ኮሌታውን ከፍ አደረገ። «ደስ ያለውን ሰው እንዴት ‹ቅር› ትለዋለህ?»

ሃልጌር እሑድ እሑድ ብቻውን ዳርቻውን መሄድ ቀጠለ። መጀመሪያ እኔ ጎን ለጎን ልሄድለት ሞከርኩ፤ ግን እግሬ ይጎትታል፤ ደግሞም የሚያዳምጠው እኔን አልነበረም። የኦስቫል ትከሻ በቢላዋ ሥራ አልቆ ነበርና ድራሙን ተወ። ሁለት ሆነን ትንሽ ሞከርን። ድራም የሌለው ስኮዳ ግን ለእኔም ብርድ ብርድ አለኝ፤ ቤዜን ለልጄ ሰጠሁት። ሃልጌር ብቻውን ቀጠለ። ወደብ ላይ ሆኜ ነፋሱ ሲመቸው ከአሮጌው ቤት የሚወጣውን ኦርጋን እሰማ ነበር። አዲሶቹ የበጋ እንግዶች፣ «ምንድን ነው እሱ?» ይሉኛል። «ሃልጌር ነው» እላቸዋለሁ።

በታኅሣሥ፣ ልቡ ቤቱ ውስጥ ቀጥ አለበት። ጭስ ማውጫው ጭስ አለማውጣቱን አይቼ የገባሁት እኔ ነኝ። ወንበሩ ላይ ነበር፤ ፊቱ ሰላም ነው። ለዮሩን ደወልኩላት። «እመጣለሁ» አለች። ግን ያን ሳምንት አየሩ ከፋ፤ አውሮፕላኑም ጀልባዋም ቆሙ። ቄሱ ሌላ ቀን መጠበቅ አልቻሉም፤ መሬቱ በውርጭ ሳይጠና መቀበር ነበረበት። ኦስቫል፣ እኔ፣ ባለቤቴና ከጣቢያው የቀሩ ጥቂት ሰዎች ነን ያለነው። ኦስቫል አንድ ነገር ሊናገር ተነሣና መልሶ ተቀመጠ።

ማዕበሉ ጋብ ሲል የመጀመሪያዋ ጀልባ ገባች። ዮሩን አልነበረችም፤ መንገድ ላይ ታማ ቦዶ ከተማ ሆስፒታል ቀርታለች አሉኝ። የላከችው የአበባ ጉንጉን ግን መጣ፤ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከፖስታ ከረጢቶቹ መሐል። ገመዱን አስሬ እንደጨረስኩ ተሸክሜው ወጣሁ። መቃብሩ ላይ የኛዎቹን አበቦች በረዶ ሸፍኗቸው ስለነበር የት ላይ እንደማስቀምጠው በእጄ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ነፋሱ እንዳይወስደው የመረብ ክር ከኪሴ አውጥቼ ከመስቀሉ እግር ጋር አሰርኩት፤ ጓንቴን ማውለቅ ስለነበረብኝ ጣቶቼ ደነዘዙ። ከታች ወደቡ የደረሰች የጭነት መርከብ ፊሽካ ጮኸ። ሁለተኛ እስኪጮህ ቆየሁ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ወረድኩ፤ ገመዷን የሚቀበላት ሌላ ሰው አልነበረማ።